ሻያችንን የጠጣች ሴት

እንደ «አልጠጣም» ልብስ የበዛለት ቃል አላየሁም። ራቁቱን ከቤት አይወጣም። አንዱ «አሁን ጠጥቼ መምጣቴ ነው» የሚለውን ያለብሰዋል፤ ሌላው «ሆዴን ሰሞኑን ይነፋኛል» የሚለውን ይደርብበታል፤ ክርስቲያኑ «ጾም ነኝ» ይላል፤ እስላሙም «ሱና ይዤ ነው» ይላል፤ የተማረው «ስብሰባ አለብኝ» ይላል፤ ሰበብ ያለቀበት «ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ይልና ያ ሌላ ጊዜ ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ሁሉም ሲናገሩት ፈገግ ይላሉ። ሰው ሲዋሽ ጥርሱ ያምርበታል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን እነዚህን ልብሶች ስመለከት ስለኖርሁ ከልብሱ ስር ያለውን ገላ ለይቼ አውቀዋለሁ። «የናንተን ብርጭቆ ከንፈሬ አይነካም» ነው።

ይሄን የምታነቡ ሰዎች «እኛስ እንዲያ አይደለንም» እያላችሁ ይሆናል። ደግ። ያልሆነ ሰው አይከፋውም። የሆነም ቢሆን ሳይፈራ አንብቦ ይጨርስ፤ ማንበብ ከንፈር አያስነካም።

እኔ የጣና ዳር ሰው ነኝ። ከተማው የሚጠራን ስም አለ፤ እኔ አልጽፈውም፣ የሚጽፉት ሞልተዋል። እኛ ራሳችንን ነገደ እንላለን። ባሕር ዳር ዘንባባና አስፋልት ሳታበቅል ደንገል አጭደን ታንኳ የምናስር፣ ዓሣ የምናወጣ፣ ሙዳይና ሰፌድ የምንሰፋ ሰዎች ነን። ደሴት ላይ ያለው መነኩሴ በኛ ታንኳ ተሻግሯል፤ የሚበላው እህል በኛ ታንኳ ሄዷል። የከተማው ሰዎች በታንኳችን ይቀመጣሉ፣ በሰፌዳችን ያበጥራሉ፣ ዓሣችንን ተከራክረው ይገዛሉ። ውሃችንን ግን አይጠጡም። ምነው ቢባል፣ የጥንት አያቶቻችሁ ጉማሬ ይበሉ ነበር ነው መልሱ። ጉማሬ መብላት የቀረው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ብርጭቆአችን ግን እስካሁን ታጥቦ አልጠራም።

ስለ ብርጭቆ ልጽፍ አልነበረም የተነሣሁት። ስለ ስኳር ነው። ነገሩ ግን የሚገባው በብርጭቆ በር ነውና ታገሡኝ።

ስኳር በሽታ ድሮ የሹምና የነጋዴ ሕመም ነበር የሚመስለን። ቅቤ የጠገበ፣ ወንበር ላይ የሚውል ሰው የሚይዘው። እኛ ሰፈር አንዱ «ስኳር አለብህ ተባልሁ» ብሎ ሲመጣ «እሰይ፣ ሀብታም ሆንህ ማለት ነው» ብለን ስቀንበታል። ታዲያ ሀብቱ ሳይመጣ በሽታው ቀደመ። ለምን እንደቀደመ ለመናገር ሐኪም መሆን አያሻም። ዳሩ በአጥር ተያዘ፤ ደንገሉ ሳሳ፤ የቀረውን ውሃ እንቦጭ አለበሰው፤ ደህና ደህናው ዓሣ ለሆቴል ይሄዳል፤ እኛ ዳቦ በሻይ ሆነን ቀረን። ሻያችን ደግሞ ማንኪያ ያቆማል። ወጥ ያጣ ቤት ስኳር ያበዛል፤ ልጅም ዝም ይላል፣ እንግዳም ይከበራል። ሆድ የተታለለውን ደም ይከፍለዋል እንጂ ማን ይከፍለዋል።

እንግዲህ ወደ ወንድሜ ልምጣ።

እንድሪስ ታናሼ ነው። ታናሼ ስላችሁ ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል። ታንኳ በማሰር ግን በዚህ ዳር አቻ የለውም፤ ይሄን የምለው እህቱ ስለሆንሁ አይደለም፣ እህቱ ስለሆንሁማ ለመካድ ስሞክር ነው የኖርሁት። ደንገል የሚታጨደው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። የታጨደው ጉቶ ከውሃው ስር እንደ ጩቤ ቆሞ ይጠብቃል። ጀማሪ አጫጅ እያነከሰ ቤቱ ይገባል። የቆየበት ግን እግሩ ይደነድናል፤ የደነደነ እግር እኛ ዘንድ እንደ ማዕረግ ነው።

አንድ ቀን እንድሪስ ከረግረጉ ሲወጣ ተረከዙ ላይ የደንገል ጉቶ ተሰክቶ አየንበት። እሱ አላወቀም። ነቅሎ ጣለውና ሳቀ። «እግሬ ብረት ሆነ» አለ። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ የሱ እግር ሰፈሩን ሲያስቀና ከረመ። ፍም ረግጦ አሳይቷቸዋል ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ቢያደርገው ግን አይገርመኝም። የሚያደርግ ሰው ነው።

ልብ በሉ። እግሩ ሕመሙን መናገር ያቆመ ጊዜ ነው እኛ ያጨበጨብንለት።

ከዚያ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የዓሣ መስሎኝ ቤቴን ደጋግሜ ጠረግሁ፤ ድመቷንም ያለ ጥፋቷ አባረርሁ። ቀስ እያለ ሽታው እንድሪስ ሲመጣ የሚመጣ፣ ሲሄድ የሚሄድ ሆነ። እግሩን በጨርቅ ይጠቀልላል። ለሶላት ሲታጠብ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ ይቀመጣል፣ ነፋስ ባለበት። እኔ ታላቁ ነኝ፣ አዝዬው ያደግሁ ነኝ፤ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«እግርህን አሳየኝ» አልሁት።

«እግሬ ላንቺ ምንሽ ነው፣ እታለም?»

«አፍንጫዬ ላይ ቆሟል።»

«እንግዲያው አፍንጫሽን አንሺው» ብሎኝ እየጎተተ ሄደ።

ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው ደግሞ ጭራሽ አያናግረኝም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከብዙ ዘመን በፊት ራሱን አሞት አንድ የሕክምና ቤት ሄዶ ነበር። ክኒን ሰጡትና እዚሁ ዋጠው አሉት። በረንዳው ላይ ጀሪካንና አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ነበሩ፤ የተሰለፈው ሁሉ በዚያች ኩባያ ይጠጣል። ተራው ለሱ ሲደርስ ውሃ የሚያድለው ሰውዬ ኩባያዋን ወደ ኋላው ሸሸግ አደረገና «መዳፍህን ዘርጋ» አለው። በመዳፉ ላይ አንቆረቆረለት። እንድሪስ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰ፣ ክኒኑን ከምላሱ አውጥቶ ጀሪካኑ ራስ ላይ አስቀመጠላቸውና ቤቱ ገባ። ያ ሰውዬ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባትም ሞቷል። ወንድሜ ግን ውሃ የተነፈገበትን በር በሽተኛ ሆኖ ሊያንኳኳ አልወደደም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረቱ። እውነቱን ነው። ተረቱን የተረተው ሰው ግን ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠው ብድግ ብሎበት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ባለበት ሰሞን ነው ሲስተር ስመኝ የመጣች። በሰፈራችን አቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ስትሄድ ግን የምትቸኩል። የሼህ ይማምን ቤት ጠይቃ ገባች። ሼህ ይማም ሽማግሌያችን ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ እሳቸው፣ ሠርጉንም ቀብሩንም የሚመሩ እሳቸው። እኔ ሰፌድ ላደርስ ሄጄ ስለነበር ጥግ ተቀምጬ ሰማሁ። ሰፌዱ ባይኖርም እሰማ ነበር።

«ሼህ ይማም» አለች፣ «ከሌላው ሰፈር ሰው የሚመጣልን ጣቱን ሲያሳክከው ነው። ከናንተ ሰፈር የሚመጣው እግሩ ከጠቆረ በኋላ ነው። ከጠቆረ በኋላ የምናውቀው ሥራ መቁረጥ ብቻ ነው። ቁጭ ብለን መጠበቁ አላዋጣም፤ እኛ እንምጣ። ግን ያለ እናንተ አይሆንም። ሰዉን እናንተ ሰብስቡ፣ ዳሱን እድሩ ይጣል፣ ከሴቶቹም የሚያግዙን ይመረጡ፤ መመርመሪያውንና መድኃኒቱን እኛ እናመጣለን።»

ሼህ ይማም የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ጣናን አዩ፣ መልሰው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሰዉን ልጠይቅ» አሉ።

ደንገል ማስጫው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። እንደምታውቁት ስብሰባ ሲባል ሁሉም የልቡን ሳይሆን የጎረቤቱን ይናገራል። አንዱ «ደማችንን ቀድተው ሊሸጡት ነው» አለ። «ያንተን ደም ማን ይገዛዋል፣ ግማሹ ሻይ ነው» አለችው ሚስቱ። ሌላው «መርፌው ልጅ ያስቀራል» አለ፤ እሱ ራሱ የልጅ ልጅ ያየ ነው። እንዲህ ሲንጫጫ ከበስተኋላ፣ ከነፋሱ በኩል፣ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«መጀመሪያ ሻይ ትጠጣ» አለ።

ሁሉም ዞረ።

«ብርጭቆዬን ያልነካ እግሬን አይነካም። ከጠጣች ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

 «ይሄስ ፍርድ ነው» አሉ ሼህ ይማም። ከዚያ ወደኔ አዩና «ዘሃራ፣ ሻዩን አንቺ አፍዪ» አሉኝ።

አፈላሁ። እንዴት አድርጌ እንዳፈላሁት ልንገራችሁ? ለተራ እንግዳ የምጨምረውን ስኳር ጨመርሁ፣ ለተከበረ እንግዳ የምጨምረውን ደረብሁበት፣ ከዚያ የወንድሜን እግር አሰብሁና የስኳሩን ጣሳ ገለበጥሁት። ለክብር ነው ወይስ ለፈተና ብትሉኝ እኛ ዘንድ ሁለቱ በአንድ ማንኪያ ነው የሚሰፈሩ።

በቀጠሮው ቀን ሲስተር ስመኝ አንድ ዶክተር አስከትላ መጣች። ዳሱ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ዙሪያውን ቆሟል፤ እንድሪስ ከዳሱ ምሰሶ ጀርባ ነው። ትሪውን ይዤ ቀረብሁ። ዶክተሩ ጥርሱን አሳየኝና «አመሰግናለሁ እማማ፣ ጾም ነኝ» አለ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር። በበዓለ ሃምሳ የሚጾም ክርስቲያን ለማየት እስላሟ እኔ በቃሁ።

ትሪውን ወደሷ አዞርሁ። ብርጭቆውን አነሣች። አነሣችና አየችው። ሻዩን ስታየው ቆየች። እኔ «አልጠጣም»ን የትኛውን ልብስ ታለብሰው ይሆን እያልሁ ነው። ሆዷን ነው? ሰዓቷን ነው? እንድሪስ ከምሰሶው ጀርባ ሊሄድ ጨርቁን ሲሰበስብ ሰማሁት። ከሄደ እግሩም አብሮ እንደሄደ አውቃለሁ፤ ያን እግር ከዚያ ወዲያ ማየት የሚችል ገናዡ ብቻ ነው።

«ቢስሚላህ በሉልኝ» አለችና ጠጣችው።

እንደ መድኃኒት ጭልጥ አላደረገችውም። እየተጫወተች፣ የልጆቹን ስም እየጠየቀች፣ ፉት እያለች እስከ ታች ጨረሰችው። ታች የተኛውን ስኳር ሳይቀር ብርጭቆውን ነቅነቅ አድርጋ ጠጣችው። «እጅዎት ይባረክ» ብላ ብርጭቆውን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ባዶውን ብርጭቆ ሰዉ ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጌ ያዝሁት። 

ገና መገረሙን ሳንጨርስ ሌላው መጣ። ጥቂት ስለ ስኳር ካወራችልን በኋላ ሳጥኗን ከፈተች። ከመዳፍ የማትበልጥ መመርመሪያ አወጣች፤ መውጊያዋንም አወጣች። ሰዉ ሁሉ ጣቱን በጉያው ሸሸገ። እሷ ግን የራሷን ጣት ወጋች። ጠብ ያለችውን ደም ለመመርመሪያዋ አቀመሰቻትና ቁጥሩን ለሼህ ይማም አሳየች።

«ይሄ ቁጥር ለጤነኛ ሰው በጣም ብዙ ነው» አለች። «ስኳር አለብኝ። ተማሪ ሳለሁ ነው የያዘኝ።»

ከዚያ ከቦርሳዋ የመድኃኒት መርፌ አወጣች፣ ጀርባዋን ሰጠችን፣ ነጠላዋን ተከናንባ ሆዷ ላይ ወጋች። መልሳ ዞረች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ከዳሱ ውጭ ውሃው ዳሩን ሲልስ ይሰማል።

ዝም ማለት አይሆንልኝም ብያችኋለሁ። «አንቺ ልጅ» አልሁ፣ «ምነው ሳትነግሪን? በመርዝ ነው እንዴ የተቀበልንሽ?»

«እማማ ዘሃራ» አለችኝ፣ ዝግ ባለ ድምጿ፣ «‹ስኳር አለብኝ፣ አልጠጣም› ብል ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?»

  መልሱ ከምሰሶው ጀርባ መጣ።

«‹ይቺ ደግሞ አዲስ ሰበብ ይዛ መጣች› እንልሽ ነበር» አለ እንድሪስ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ሼህ ይማም ሳቁ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቶሎ አልሳቅሁም፣ ነገሩን እያላመጥሁ ነው። ሰው ሁሉ እየዋሸ «አልጠጣም» ያለበት ቦታ ላይ እውነተኛው «አልጠጣም» መቆሚያ አጥቷል። ውሸቱ እውነቱን ቦታ አሳጥቶት ነው እሷ የሚጎዳትን የጠጣች። ያን ስኳር የገለበጠው የኔ እጅ ነው፤ ያስገለበጠው ግን ከኔ በፊት የነበረ ፈገግታ ሁሉ ነው። አሁንም ያንኑ ቀን ብትመልሱልኝ ያንኑ አፈላለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረንም።

እንድሪስ ከምሰሶው ጀርባ ወጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፣ ግማሹ ለአክብሮት ግማሹ ለሽታው። ፊቷ ተቀመጠ፤ ጨርቁን ፈታ። እህቱ ሆኜ ያን እግር ያየሁት ያኔ ነው። አልገልጸውላችሁም፤ ምሳ የምትበሉ ትኖራላችሁ። እሷ ግን ውሃ አስመጣች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ እግሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታጥበው ጀመር። በዚህ ዳር ሰው የኛን እግር ጭኑ ላይ ሲያኖር ያየ ሽማግሌ የለም። ሼህ ይማም ፊታቸውን ወደ ጣና አዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ነፋስ ገብቶ ይሆናል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሲወጋዎት አያምዎትም?»

«አያመኝም። ብረት ነው።»

«ብረት አይደለም። ዝም ስላለ ነው። ስኳሩ አፉን ዘጋው።»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ የራሱን ተረከዝ ሲቆነጥጥ አየሁት።

ጣቱን ወጋችው። መመርመሪያዋ ቁጥር አልጻፈችም፤ የፈረንጅ ፊደል ጻፈች። «ምን አለች?» አለ እንድሪስ። «ከአቅሜ በላይ ነው አለች» አለችው። ቀና ብላ እኔንም እሱንም አየችን። ዛሬውኑ ሆስፒታል ከገባ እግሩ ሊተርፍ እንደሚችል፣ ካደረ ግን ከጉልበቱ በታች ያለው እንደሚቆረጥ ነገረችን። ታንኳ አሳሪ ያለ እግሩ ምን እንደሆነ አስቡት። ታንኳ የሚጠፈረው በጉልበትና በተረከዝ ረግጦ ነው። እጅ ይጎትታል፣ እግር ይይዛል።

እንድሪስ የፈታውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ። ከዚያ «እዚያ ውሃ በምን ነው የሚሰጡኝ?» አለ።

አልዋሸችውም። «አላውቅም» አለች። «አብሬዎት ግን እገባለሁ።»

ይሄኔ ጾመኛው ዶክተር ተነሣ። ጆሮው ቀልቷል። «ባጃጅ ልጥራ» አለ። ከዚያ ወደኔ መጣና «እማማ፣ ሻይ ተርፏል?» አለኝ። ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣው፤ በጣም ጣፍጦት ፊቱን ሲያጨማድድ አየሁ። ጾሙን ምን እንዳስፈታው አልጠየቅሁትም።

ሆስፒታል ውስጥ የእንድሪስ አልጋ ጎረቤት ከደሴት የመጡ መሪጌታ ነበሩ። የሳቸውም እግር እንደሱ ታስሯል፣ የሳቸውም ጥፋት ያው ስኳር ነው። መጀመሪያ ቀን ተኮራረፉ፤ ማለትም ተከባበሩ። ሁለተኛው ላይ መሪጌታው «ድምፅህን አውቀዋለሁ፤ ደብተራ ሳለሁ አንተ አይደለህም ያሻገርኸኝ?» አሉት። «እርስዎ ነዎት እንዴ፣ ታንኳው ላይ ተነሥተው ቆመው ሊያሰጥሙን የነበሩት?» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቋርጣቸው። የሆስፒታሉ ነርስ በአንድ ሰሃን ፋሻ ይዛ መጥታ የሁለቱንም ቁስል ተራ በተራ ታያለች፤ ያቺ ትንሽ መመርመሪያም የሁለቱንም ደም ትቀምሳለች፣ የማን ዘር ነህ አትልም። እኔ ይሄን ቁጭ ብዬ አየሁ። ቅዱሳን መጻሕፍት የተናገሩትን እኩልነት እንዲህ በአንዲት ጠብታ ደም አየዋለሁ ብዬ አላሰብሁም። ውሃውም በኩባያ መጣ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኩባያ። እንድሪስ ኩባያውን አገላብጦ ካየ በኋላ ጠጣ።

ትንሿ ጣቱ ሄደች። አጠገቧ ያለችውም ተከተለቻት። እግሩ ቀረለት። አልሐምዱሊላህ። ሁለት ጣት ከፍሎ እግር መግዛት በዚህ ኑሮ ውድነት እንደ መርከስ ነው።

ሥራው ግን በአንድ እግር አላለቀም። ሳምንት በሳምንት ጤና ጣቢያው ወደኛ ይመጣል፣ እኛም እንጠብቀዋለን። ዳሱን እድሩ ይጥላል፤ ድሮ ለሙታን ብቻ የምንጥለው ዳስ አሁን ሕያዋን ተኝተው ሳይሆን ቆመው ይገቡበታል። ከሴቶቻችን የተመረጡት ቤት ለቤት እየዞሩ የቀረውን ይቀሰቅሳሉ። መርፌ የታዘዘላቸው ሰዎች መድኃኒቱን የት እናስቀምጥ፣ ማቀዝቀዣ የለን ቢሉ፣ ሲስተር ስመኝ በእርጥብ አሸዋ የተከበበ ማሰሮ ጥላ ስር አስቀመጠችልን፤ ሲነኩት እንደ ጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛል። አጫጆቹ ቦቲ ጫማ ማድረግ ጀመሩ። መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ «ሙሽራ መሰልህ» ተባባሉ፤ አሁን ቦቲ የሌለው ያፍራል። ሻዩንስ? ሻዩን አታንሡብኝ። ስኳሩ ቀርቶ መራራ ሆኗል፣ እየረገምንም እንጠጣዋለን።

ይባስ ብሎ ከሌላው ሰፈር ሰው ይመጣል። ጤና ጣቢያ ሰልፉ ሲረዝምባቸው ወደኛ ዳስ ይወርዳሉ። ምንጣፋችን ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ የሚጠጡበትን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ሼህ ይማም ተውአቸው ብለዋል፤ እኔም ተውሁአቸው፣ በአፌ ማለቴ ነው፣ ዓይኔን ግን የሚያዘው የለም።

እንድሪስን ደግሞ እግር ተመልካች አደረጉት። ሰዉን ሰብስቦ ጫማ ያስወልቃል፣ በጣቶቹ መሃል ያያል፣ ተረከዝ በላባ ይዳስሳል፣ ያልተሰማውን ወደ ሲስተሯ ይልካል። ምክር አያበዛም፤ የራሱን እግር ያወጣና ባዶውን ቦታ ያሳያል፣ በቃ። ሥልጣን ግን ሰው ያበላሻል። ለቅሶ ቤት «ጫማህን አውልቅ» ይላል። ሙሽራ ሳይቀር አስወልቋል። ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሰው እግሩን ሳያሳይ ዓሣ አይሸጥለትም። እግሩን ሲደብቅ የከረመ ሰው አሁን የአገሩን እግር ይገልጣል።

በቀደም ሥራ ሲያበቃ ሲስተር ስመኝ ሳጥኗን ዘጋች። እንደ ወትሮዋ ልትቸኩል ስትነሣ እንድሪስ መንገዷ ላይ ቆመ።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔስ ምን?»

«ያንቺን እግር ማን ያየዋል?»

ሳቀች። «እኔማ ራሴ አየዋለሁ፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

 ጠዋት ጤና ጣቢያ ናት፣ ከሰዓት ወይ እኛ ዘንድ ወይ ሌላ ሰፈር ናት፤ ስኳሩ ደግሞ ከኛ ሁሉ በፊት የያዛት እሷን ነው። ይሄን ሁሉ እናውቃለን፤ ከወንድሜ በቀር የጠየቀ ግን አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

«ቁጭ በይ» አላት።

ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፤ የከተማ ጫማ ነው፣ ጫፉ የጠበበ። እንድሪስ እየተንገዳገደ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና እግሯን ጭኑ ላይ አኖረው። ቀስ አድርጎ ጣቶቿን ለየ። እጁ የደንገል እጅ ነው፣ ሻካራ፤ ግን ታንኳ ሲያጠብቅ የመጨረሻውን ልጥ እንደሚፈትሽ ነው የያዛት። ከትንሿ ጣቷ ስር ቆመ። ጫማው የላጠው ቁስል አለ፣ ቀይ፣ ጠርዙ እርጥብ።

«ይሄ ይሰማሻል?» አላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ነርስ ናት፣ ምን እንደምታይ ታውቃለች።

«አይሰማኝም» አለች።

የሳቀ የለም። እንድሪስ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀላት፣ ፋሻዋን ከራሷ ሳጥን አውጥቶ አሠረላት፣ ጫማዋን አንሥቶ «ይሄን ከዛሬ ወዲያ አታደርጊውም» አለና ወደ ጎን አስቀመጠው። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ።»

«እዚያው ነው እኮ የምሠራ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያማ ሩቅ አይደለም። ሳትዘገዪ ተሰለፊ።»

«እሺ» አለች። ወላሂ፣ እንደ ልጅ «እሺ» አለች። የራሷን እግር እንደ ሌላ ሰው እግር እያየች ዓይኗ ሞላ፤ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፣ እሱም አላስለቀቃትም። እኔ ቆሜ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። 

ከዚያ ያ ሥልጣነኛ ወንድሜ አንገቱን ወደኔ አዞረ።

«እታለም» አለኝ፣ «ያንቺስ?»

ታላቁ ነኝ። አዝዬው ነው ያደግሁት። እግሬን ከእናቴ በቀር ያየው ሰው የለም፤ የኔ እግር ደግሞ ምንም እንዳልሆነ እኔ ራሴ አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ ልለው አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

ሲስተሯ ጠጋ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁና ጫማዬን አወለቅሁ።